ልጄን ኬንታኪ ወዳለው የፍጥረት ሙዚየም ልላከው?

ሰላም ለሁላችሁ። ኦሃዮ ነው የምንኖረው። የልጄ ጓደኛ ወላጆች ከቤተ ክርስቲያናቸው ጋር ኬንታኪ ወዳለው የፍጥረት ሙዚየም ሲሄዱ እሱንም እንውሰደው አሉኝ። አሥር ዓመቱ ነው፣ ትምህርት ቤት ስለ ዳይኖሰር የሚሊዮን ዓመት ነገር ተምሯል። እኛ ኦርቶዶክስ ነን። ግራ እንዳይጋባብኝ ፈራሁ፤ እምቢ ብል ደግሞ ሃይማኖት የማይገደኝ ይመስላል። የሄደ ሰው ካለ ይምከረኝ።

መልስ፦
እህቴ፣ እኔ ልጆቼን ይዤ ሄጃለሁ። አትከልክይው፣ ግን ብቻውን አትላኪው።

ሙዚየሙ ከሲንሲናቲ አየር ማረፊያ ብዙ ሳይርቅ ፒተርስበርግ ውስጥ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የከፈተው አውስትራሊያዊው ኬን ሃም የመሠረተው ድርጅት ነው። ዓለም ከተፈጠረ 6000 ዓመት ገደማ ነው፣ ሰውና ዳይኖሰር አብረው ኖረዋል ብሎ ያስተምራል። ዊሊያምስታውን ላይም 155 ሜትር የሚረዝም የኖኅ መርከብ ሠርተዋል። አሠራሩ ያምራል፣ ልጅ አፉን ከፍቶ ነው የሚያየው።

ልጄ የደነገጠችው ድንቅነሽ ጋ ስትደርስ ነው። እንደ ጎሬላ በጣቶቿ አንጓ መሬት ተደግፋ፣ ጎንበስ ብላ ስትሄድ ነው ያሳዩዋት። «አባዬ፣ ይቺ አዲስ አበባ ያየናት ናት?» አለችኝ። እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልን። በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር ላይ ስትገኝ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ እንደተሰበሰበ፣ የዳሌዋና የጉልበቷ አጥንት በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ትሄድ እንደነበር እንደሚመሰክር፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የተባለውም እዚያው ቦታ ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ተለክቶ መሆኑን የማውቀውን ያህል ነገርኳት። ይህ የአገራችን አፈር ያወጣው ነገር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሌላው ቁጥሩ ነው። 6000 የእኛ ቤተ ክርስቲያን ቁጥር አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ቆጠራ፣ በባሕረ ሐሳብ፣ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን ነው፤ እንቁጣጣሽ ሲመጣ ዓመተ ዓለሙ ሲቆጠር 7500ን ማለፉን ትሰሚያለሽ። ልዩነቱ ከመጽሐፉ ነው የሚመጣው፦ አዳም ሴት የተባለውን ልጁን ሲወልድ በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ 130 ዓመቱ ነው፣ በግሪኩ ግን 230። እኛ የግሪኩን ተከትለናል። እንግዲህ መጽሐፉን የሚያከብሩ ሰዎች ራሳቸው በአንድ ቁጥር ካልተስማሙ፣ የልጅሽን እምነት በ6000 ላይ አታንጠልጥይው። ያ ቁጥር አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ቢፈርስበት እግዚአብሔርም አብሮ የፈረሰ ይመስለዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ብቻ ነው።

ሌላ መልስ፦
ወንድሜ፣ በአክብሮት እለያለሁ። እኔ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አማኝ ነኝ፣ ስድስቱን ቀን እንደተጻፈው አምናለሁ፤ ሙዚየሙ ልጆቼን አበረታቶልኛል። ልጅ ከወላጁ ጋር ይሂድ ባልከው ግን እስማማለሁ። ጥያቄው መኪና ውስጥ ሲመለሱ ነው የሚመጣው።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። ቅዳሜ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ አብሬው እሄዳለሁ። ድንቅነሽን ቀድሜ በፎቶ አሳየዋለሁ።