የኡዝቤኮቹ «ሆኪም»፣ «ቱማን» እና «ቪሎያት» በአማርኛ ምን ይባሉ?

ጥያቄ፦ በማሽን ከኡዝቤክኛ የተተረጎመ ዜና «የሳማርካንድ ሐኪም የጭጋጉን መንገድ መረቁ» ይላል። ዋናው ጽሑፍ ላይ ያሉት «ሆኪም» እና «ቱማን» ናቸው። ትክክለኛ ፍቺያቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ሆኪም ሹም ነው፣ የአካባቢ አስተዳዳሪ። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን እዚያ ሁለት መንትዮች አሉ። የመጀመሪያው አናባቢ ሲረዝም «ገዢ»፣ ሁለተኛው ሲረዝም «ጠቢብ፣ ባለ መድኃኒት» ማለት ነው። የእኛ «ሐኪም» ሁለተኛው ነው። ኡዝቤክኛ የጥንቱን ረጅም «አ» ወደ «ኦ» ስለሚለውጥ ገዢው ሆኪም፣ ጠቢቡ ሃኪም ሆኑ። ዋና ከተማቸውን ራሳቸው «ቶሽኬንት» የሚሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ «ሆ» ካያችሁ ስለ ሹመት፣ «ሃ» ካያችሁ ስለ ጥበብ ነው የሚወራው። ካዛኮች ሹሙን «አኪም» ይሉታል፤ ሥሩ አንድ ነው።

ሌላ መልስ፦ ቱማን ላይ ማሽኑ የተሳሳተው ቃሉ በኡዝቤክኛ በእርግጥም «ጭጋግ» የሚል ሌላ ፍቺ ስላለው ነው። የአስተዳደሩ ቱማን ግን በሞንጎሎች ዘመን 10,000 ወታደር ከሚይዘው የጦር ክፍል ስም የመጣ ነው፤ በኋላ ያን ያህል ጦር ለሚያወጣው አገር መጠሪያ ሆነ። በእኛ ቋንቋ ልክ «እልፍ» ማለት ነው። የኢራን ገንዘብ «ቶማን»ም ከዚሁ ነው፤ መነሻው 10,000 ዲናር። በሶቪየት ጊዜ «ራዮን» ይባል የነበረውን ከነፃነት በኋላ በዚህ አሮጌ ቃል ተኩት።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ታዲያ ቱማንን ሁልጊዜ «ወረዳ» ልበለው?

መልስ፦ የለም፣ ቦታውን ይዩ። በቪሎያት (በአገሪቱ ትልቁ የአስተዳደር እርከን) ሥር ያለው ቱማን ወረዳ ነው። በታሽኬንት ከተማ ውስጥ ያሉት 12 ቱማኖች ግን፣ ለምሳሌ ዩኑሶቦድና ቺሎንዞር፣ ለአዲስ አበባ አንባቢ «ክፍለ ከተማ» ናቸው። ወረዳ ካሏቸው ከክፍለ ከተማ በታች ያለ እርከን ይመስለዋል።

«ቪሎያት»ን ደግሞ ብዙዎች «ክልል» ይላሉ፤ አልስማማም። ኡዝቤኪስታን አሃዳዊ አገር ናት፣ የቪሎያት ሆኪምም ከላይ የሚሾም ነው። የቀድሞው «ክፍለ ሀገር» የሚለው ቃላችን ይህን ግንኙነት በትክክል ይይዛል። ቪሎያቶቹ 12 ናቸው። በአገሪቱ ውስጥ ያለው ካራካልፓክስታን ከነዚህ ውጭ ነው፤ የራሱ ሕገ መንግሥትና ፓርላማ ስላለው «ሪፐብሊክ» ብሎ መተው ይሻላል።

ሌላ መልስ፦ ኦማን የምትኖሩ ወገኖች እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። እዚያ «ዊላያ» ከሙሐፈዛ (ከትልቁ የአስተዳደር እርከን) በታች ያለች ወረዳ ናት፤ ኡዝቤኪስታን ውስጥ ግን ያው ቃል «ቪሎያት» ተብሎ ትልቁ እርከን ነው። የቃል ዘመድነት የእርከን እኩልነትን አያሳይም።

ጠያቂው፦ «ማሃላ»ስ? ቀበሌ ልበል?

መልስ፦ መጠኑ ይቀራረባል፣ ሥልጣኑ ግን ይለያል። ቀበሌ የመንግሥት የታችኛው እርከን ነው፤ ማሃላ በሕጋቸው የነዋሪዎች ራስ አስተዳደር እንጂ የመንግሥት አካል ተብሎ አይቆጠርም። «የሰፈር ማኅበር (ማሃላ)» ብሎ አንድ ጊዜ መግለጽ፣ ከዚያ ማሃላን እንዳለ መጠቀም ይበጃል። መሪው በልማድ «ኦቅሶቆል» ይባላል፤ «ኦቅ» ነጭ፣ «ሶቆል» ጢም ነው። «ሽማግሌ» ብላችሁ ብትተረጉሙት አትሳሳቱም። ገጠር ውስጥ የምታገኙት «ቂሽሎቅ» ደግሞ መንደር ነው፤ «ቂሽ» ክረምት ማለት ስለሆነ ጥንቱ የከብት አርቢዎች የብርድ ወራት ማረፊያ ነበር።

ሌላ መልስ፦ አድራሻ ለምትተረጉሙ፦ ቃሉን መዝገበ ቃላት ውስጥ ከመፈለጋችሁ በፊት የመጨረሻዋን «ኢ» አንሱ። «ቱማኒ» ቱማን፣ «ቪሎያቲ» ቪሎያት ነው። «ማሃላሲ» ላይ የሚነሳው «ሲ» ነው። «ሻህሪ» ግን ያስቸግራል፤ ሥሩ «ሻሃር» (ከተማ) ሲሆን መሐሉ ያለው አናባቢ ወድቋል። ቅጥያው የእኛን «ቤቱ» ይመስላል፤ «ሳማርቃንድ ቱማኒ» ቃል በቃል «ሳማርካንድ፣ ወረዳው» ነው።

ይህን ቅጥያ የዘለለ ሰው ሦስት ቦታ ያደባልቃል። ቡኾሮ (ቡኻራ) ሻህሪ ከተማው፣ ቡኾሮ ቱማኒ የራሱ ማእከል ያለው ጎረቤት ወረዳ፣ ቡኾሮ ቪሎያቲ ሁለቱን የሚይዘው ክፍለ ሀገር ነው። ታሽኬንት ላይ ይብሳል፤ ከተማው በታሽኬንት ቪሎያት ሥር አይደለም፣ የቪሎያቱ ዋና ከተማም ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኑራፍሾን ነው። «ታሽኬንት» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ሰነድ ሲገጥማችሁ ቀጥሎ «ሻህሪ» ወይስ «ቪሎያቲ» እንዳለ ሳታዩ አትለፉ።