ያነበብኩት ጭንቅላቴ ውስጥ አልቀመጥ አለኝ፣ ምን ላድርግ?

ተፈታኙ፦ ሰላም ቤተሰብ እባካችሁ እርዱኝ፣ የ12ኛ ናቹራል ተማሪ ነኝ ማትሪክ እየደረሰ ነው ግን ባዮሎጂ ሳነብ ሁሉም የገባኝ ይመስለኛል በነጋታው ስጠየቅ ባዶ ነኝ። ያሰመርኩበትን ደጋግሜ አነባለሁ ለውጥ የለም፣ ሀሳቤም ቶሎ ይበተናል እጄ ሳላስበው ስልክ ላይ ነው። የክላሴ ልጆች ሌሊት ጫት እየቃሙ ነው የሚያነቡት፣ አንድ ዘመዳችን ደግሞ አብሾ የሚባለው የባህል መድኃኒት አእምሮ ይከፍታል አለኝ። ከፋርማሲ ቫይታሚን ብገዛስ? በጣም ጨንቆኛል

ቲቸር ባዮ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ጭንቅላትህ ጤነኛ ነው አነባበብህ ነው የሚስተካከለው። አንድን ገጽ ስትደጋግመው ዓይንህ ይለምደዋል፣ መልመድና ማወቅ ደግሞ ለየቅል ናቸው። አንድ ርዕስ ስትጨርስ ደብተሩን ዝጋና ባዶ ወረቀት ላይ ያስታወስከውን ሁሉ ጻፍ። ለምሳሌ ርዕሱ ሴሉላር ሬስፒሬሽን (ሴል ከምግብ ኃይል የሚያወጣበት ሂደት) ከሆነ፣ የመጀመሪያው ደረጃ ግላይኮሊሲስ የት ይካሄዳል? ሳይቶፕላዝም ውስጥ። ክሬብስ ሳይክልስ? ማይቶኮንድሪያ ውስጥ። ከአንድ ግሉኮስ ግላይኮሊሲስ ላይ የተጣራ ስንት ኤቲፒ (ሴል ለኃይል የሚጠቀምበት ሞለኪውል) ይገኛል? 2። ያቃተህን ብቻ ከፍተህ እይና እንደገና ዝጋ። ሲጀመር ያናድዳል ምክንያቱም ብዙ ነገር አይመጣልህም፣ ግን ለማስታወስ የምትታገልበት ሰዓት ነው ትምህርቱ የሚቀመጠው። ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ባወጡት ጥናት ተማሪዎቹ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፣ ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡትን ከቃላቸው እየጻፉ ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ማትሪክ ደግሞ ያነበብከውን ከወራት በኋላ ነው የሚጠይቅህ!

ቸካይዋ፦ ቲቸር ያሉት ትክክል ነው፣ እኔ የምጨምረው አንዱን ቻፕተር በአንድ ሌሊት አትሸምድደው፣ ዛሬ ያየኸውን ነገ፣ ከዛ ከ3 ቀን በኋላ፣ ከዛ ከሳምንት በኋላ ራስህን ጠይቅበት። ስልክህን ደግሞ ሳይለንት ማድረግ ብቻ አይበቃም ለእናትህ ስጥና ሌላ ክፍል ይቀመጥ፣ የቴሌግራም ጥያቄ ካስፈለገህ ቀድመህ ወረቀት ላይ ገልብጥ። 25 ደቂቃ አንብበህ 5 ደቂቃ ተነስተህ ተንቀሳቀስ፣ ቤት ውስጥ ጫጫታ ካለ ላይብረሪ ይሻላል

ነርስ ነኝ፦ ታናሽ ወንድሜ አብሾን በፍጹም እንዳትሞክረው፣ ሰው አሳብዶ ያስቀረ ነገር ነው። ጫትም ቢሆን እንቅልፍ ያባርራል እንጂ ትምህርት አያስይዝም፣ ቀን ያነበብከውን አንጎልህ አደላድሎ የሚያስቀምጠው ስትተኛ ነው ስለዚህ ሌሊቱን ከነጠቅከው የቀኑም ድካምህ ይባክናል። ቢያንስ 7 ሰዓት ተኛ። ቡና ከጠጣህ በጠዋት ይሁን፣ ከጠጣህ 5 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ እንኳ የካፌይኑ ግማሽ ሰውነትህ ውስጥ አለ። ቫይታሚን እጥረት ከሌለብህ ብርህን አታባክን። ግን ሁሌ የሚደክምህ፣ የሚያዞርህ፣ ስትቆም ጭው የሚልብህ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄደህ ሄሞግሎቢን ተመርመር፣ ደም ማነስም ትኩረት ያሳጣል

ተፈታኙ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ቲቸር ማትስና ፊዚክስንም እንደዚሁ ነው?

ቲቸር ባዮ፦ አዎ፣ የተሰራውን ኤግዛምፕል አይተህ ገባኝ አትበል፣ ሸፍነህ ከመጀመሪያው ራስህ ስራው። ከዛ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያሉትን ጥያቄዎች ቀላቅለህ ስራ፣ ፈተናው ላይ ይሄ የየትኛው ቻፕተር ነው ብሎ የሚነግርህ የለም። ቅዳሜ ጠዋት አንድ የድሮ ማትሪክ ሰዓት ይዘህ ስራና የሳትካቸውን እዚህ ላክልን፣ አብረን እናያቸዋለን