ለሰርግ ፎቶና ቪዲዮ በአንድ ፉል ፍሬም፦ ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ወይስ ማርክ 4?

ጠያቂ (ጅማ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰርግና የቡና ማድረቂያ ቀረጻ የምሠራው በካኖን 6ዲ ነው፣ ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል)፤ ሌንሶቹ 24-105 ሚሊ ሜትር እና 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ/1.8 (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል)። ፎቶው ላይ ቅሬታ የለኝም። ቪዲዮ ላይ ግን አዳራሽ ውስጥ ጥቁር መስመር ይንቀሳቀሳል፤ የሙሽራዋ ጥለት ላይ ደግሞ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ይርመሰመሳል። ሴቲንግ ነው ወይስ ካሜራ ልቀይር? ደንበኛውም «4ኬ ነው?» (ከተለመደው 1080 የበለጠ ዝርዝር ያለው ቪዲዮ) ማለት ጀምሯል።

ሹተር50፦
ሁለቱ አይገናኙም። መስመሩ ሴቲንግ ነው። የኛ መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ሜኑ ገብተህ ቪዲዮ ሲስተሙን ከኤንቲኤስሲ (ለ60 ሄርዝ አገሮች) ወደ ፓል (ለ50 ሄርዝ) ቀይር፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ምረጥ፣ ሹተሩን በማኑዋል 1/50 ሰከንድ ላይ ተወው። 1/60 ላይ ካለ መስመሩ አይለቅህም። ለፎቶ ደግሞ እዚያው አዳራሽ 1/100 ሞክር።

መብራት ሄዶ ጀነሬተር ሲነሳ ግን ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት ከ50 ዝቅ ስለሚል መስመሩ ቀስ እያለ ሊመለስ ይችላል። ርካሽ የዲኮር ኤልኢዲም በራሱ ፍጥነት ስለሚርገበገብ 1/50 አያድነውም፤ አስጠፋው ወይም ከፍሬም አውጣው።

ባለጥለት፦
ጥለቱ ግን የሴንሰሩ ጉዳይ ነው። 6ዲ ቪዲዮ ሲቀርጽ መስመር እየዘለለ ያነባል፤ ጥልፉ ከተዘለሉት መስመሮች ሲጠብ ያልነበረ ቀለም ይፈጠራል። የማድረቂያ አልጋው ሽቦም ያው ነው። ለጊዜው ሻርፕነሱን ወደ ዜሮ አውርድ፣ አንድ ሁለት እርምጃ ቅረብ ወይም ራቅ። በ85ቱ በኤፍ/1.8 ከ2 ሜትር ፊቷ ላይ ፎከስ ካደረግክ ጥርት የሚለው 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ የወረደው ነጠላ ይደበዝዝና ቀለሙም ይጠፋል። ግንባሯ ላይ ያለው ጥለት ግን ጥርት ስለሚል ከቀለሙ አያመልጥም። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ማርክ 3 ይህን ችግር በጣም ቀንሶታል፤ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳም አለው፣ 6ዲ የለውም።

ጠያቂ፦
ማርክ 4ስ?

ሹተር50፦
ለ4ኬው ብለህ አትግዛው። 4ኬ ሲቀርጽ የሴንሰሩን መሃል ብቻ ስለሚጠቀም እይታው 1.74 እጥፍ ይጠባል፤ 24 ሚሊ ሜትሩ እንደ 42 ይሆንብሃል፣ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሚዜዎቹን አታስገባም። በሰከንድ 500 ሜጋቢት ስለሚጽፍ 64 ጊጋ ካርድ በ17 ደቂቃ ያልቃል፤ ዘገምተኛ ካርድ ከሆነ ደግሞ መሃል ላይ ቀረጻው ይቆማል። በ1080 ግን ሙሉውን ስፋት ይሰጥሃል። ብሩ የሚገባው ለፎከሱ ነው፦ ሙሽራዋ ወደ አንተ ስትራመድ ስክሪኑን ነክተህ ይከተላታል። ማርክ 3 ላይ የሌንሱን የፎከስ ቀለበት በእጅህ ማዞር አለብህ፣ ረዳት ከሌለህ ከባድ ነው።

ባለጥለት፦
የትኛውንም ብትወስድ ኤንዲ64 ፊልተር (ሌንሱ ፊት የሚገባ ብርሃን ቀናሽ ጥቁር መስታወት) ጨምርበት። ጅማ ፀሐይ ሲወጣ በአይኤስኦ (የሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 እና 1/50 ኤፍ/22 ይጠይቅሃል፤ ፊልተሩ 6 ስቶፕ (በእያንዳንዱ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል) ቆርጦ ወደ ኤፍ/2.8 ያወርድሃል። ድምፁንም ከአውቶ ወደ ማኑዋል ቀይርና የድምፁን ከፍተኛ ጫፍ ማይነስ 12 ዴሲቤል አካባቢ አድርገው፤ አውቶ ላይ ካለ ዘፈኑ ጋብ ባለ ቁጥር የጀነሬተሩን ጩኸት ያነሳዋል። ባትሪ በቪዲዮ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ሦስት ያዝ። ክረምት ላይ ሌንሱን ከሲሊካ ጄል ጋር በሚዘጋ ዕቃ አስቀምጠው፤ እርጥብ ቦርሳ ውስጥ ከከረመ ሻጋታው መስታወቱ ውስጥ ይገባል፣ ያ ደግሞ በጨርቅ አይለቅም።