ለዕንቁጣጣሽ በአደይ አበባ ያጌጠ የጾም ፒዛ፦ ጌጡ በጓሮ ምድጃ ውስጥ እንዳይበላሽ ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ጓሮ

ጤና ይስጥልኝ። መስከረም 1 ቀን 2019 ዓ.ም. ዓርብ ስለሚውል ለእንግዶች የሚቀርበው ፒዛ የጾም ነው፤ አይብም ቅቤም አይገባበትም። ከላዩ ላይ በአትክልት የአደይ አበባ ቅርጽ እንዲኖረው ነው የታሰበው። ምድጃው ጓሮ ውስጥ ያለ፣ በሸክላ ጡብና በጭቃ የተሠራ ክብ ምድጃ ነው። የውስጡ ስፋት 90 ሳንቲ ሜትር፣ የጉልላቱ ከፍታ 40፣ የአፉ ከፍታ 25 ነው። ማገዶው ባሕር ዛፍ፣ የፒዛው ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር።

ከቢጫ የፈረንጅ ቃሪያ የሚቆረጡት የአበባ ቅጠሎች ጫፋቸው ይጠቁርና ወደ ላይ ይጠቀለላሉ። አረንጓዴው ቡናማ ይሆናል። መሀል ላይ ሊጡ ይነፋና ቅርጹን ያፈርሰዋል። በዚያ ላይ ከታች ሲያር ከላይ ገና ጥሬ ነው። መጀመሪያ መስተካከል ያለበት የቱ ነው? እሳቱ፣ ሊጡ ወይስ አትክልቱ?

መልስ፦ ሊጥና እሳት

እሳቱ ይቀድማል። ብዙ ሰው የናፖሊ ፒዛ ከ430 እስከ 480 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት በ90 ሰከንድ ይበስላል የሚለውን ይሰማና የጓሮ ምድጃውን እስከዚያ ያግለዋል። ያ ሙቀት የሚሆነው የቲማቲም ሲጎና ጥቂት ነገር ብቻ ላለበት ፒዛ ነው። ቀጭን አትክልት እየተደረደረ ለሚሠራ ጌጥ ግን ወለሉ ከ300 እስከ 330 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ጊዜው በጠቅላላ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይሆናል። ምድጃውን ሁለት ሰዓት ያህል አንድዱት። ጥቀርሻው ተቃጥሎ ጉልላቱ ሲነጣ ፍሙን ወደ አንድ ጎን ግፉትና ወለሉን ጥረጉ፤ ከዚያ 20 ደቂቃ ያህል ይረፍ። በጎን በኩል የምትተዉት ነበልባል ከአንድ ቀጭን ፍልጥ አይብለጥ። ወለሉ እየጋለ ከላይ ጥሬ የሚሆነው፣ ፍሙ መሀል ላይ ቆይቶ ወለሉን ካጋለው በኋላ ሳያሳርፉ ስለሚጋገር ነው።

ሙቀቱን የምትለኩት በርቀት መለኪያ ከሆነ እስከ 500 ዲግሪ የሚያነብ መሆን አለበት። በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ ይደረግ የነበረው ለሰውነት ሙቀት ብቻ የተሠራ ስለሆነ እዚህ አያገለግልም። መለኪያ ከሌለ ቆንጥር ዱቄት ወለሉ ላይ በተኑ። በ2 ወይም በ3 ሰከንድ ከጠቆረ ገና በጣም ይፋጃል፤ ቀስ ብሎ፣ ወደ 10 ሰከንድ ገደማ ላይ ቡናማ ከሆነ ደርሷል።

ሁለተኛው ነገር፣ ጌጥ ያለው ፒዛ አንድ ጊዜ ገብቶ አይወጣም። ጌጡን ጥሬ ሊጥ ላይ ስትደረድሩ 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ሊጡ ረጥቦ ማስገቢያው እንጨት ላይ ይጣበቃል፣ ስትገፉት ደግሞ አበባው ይበተናል። ስለዚህ ሊጡን ዘርግታችሁ መሀሉን ብቻ በሹካ ወጋ ወጋ አድርጉት፣ ዘይት ቀቡትና 90 ሰከንድ ያህል አስገቡት። ነጭ ሆኖ ሲጠነክር አውጡት። የሚነፋ ካለ ያን ጊዜ ይነፋል፤ በቢላ ጫፍ ወግታችሁ ታስተኙታላችሁ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ሳትቸኩሉ አስጊጡት። ሁለተኛው ዙር ከ2 ደቂቃ ተኩል እስከ 3 ደቂቃ ነው፤ በየ30 ሰከንዱ ሩብ ዙር ማዞር ግዴታ ነው፤ አለዚያ ወደ እሳቱ ያለው ግማሽ አበባ ይከስላል።

ለ6 ፒዛ የሚሆን ሊጥ፦ 1 ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ 580 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 20 ግራም ጨው፣ 20 ግራም ዘይት፣ 10 ግራም ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ (1.5 ግራም ገደማ)። ዱቄቱ ካልጠጣ እስከ 40 ሚሊ ውኃ ቀስ በቀስ ጨምሩ። ስኳሩና ዘይቱ የሚገቡት በ320 ዲግሪ ዳሩ ቶሎ ስለማይቀላ ነው። ማታ አቡክታችሁ በ270 ግራም ድቡልቡል አድርጉና ተሸፍኖ ይደር። ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ ሊጥ ቶሎ ይነሣል፣ ስለዚህ በቆላ አገር አሠራር ከሚባለው የእርሾ መጠን ሩቡን ቀንሱ። ከመጠን በላይ የቦካ ሊጥ ሲዘረጋ ይቀደዳል፤ እርሾው ስኳሩን ስለጨረሰበትም ዳሩ ገርጥቶ ይቀራል።

መልስ፦ አትክልት በየፈርጁ

እህቴ፣ የቃሪያው መጠቅለል ከቆዳው ነው። ቆዳውና ሥጋው እኩል አይሸበሸቡም። ቢጫውን የፈረንጅ ቃሪያ ሙሉውን በነበልባል ለብልቢው፣ ክዳን ባለው ዕቃ 10 ደቂቃ አፍኚው፣ ቆዳውን ላጪው፣ ከዚያ ቁረጪ። ለስልሶ ስለሚተኛ አይነሣም። ቅጠሉን 4 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አድርጊውና ጫፉን ሹል አታድርጊው፤ ሹል ጫፍ ሁልጊዜ ቀድሞ ያርራል። ከመግባቱ በፊት ዘይት በጣት ይቀባ።

አረንጓዴው ቡናማ የሚሆነው ቲማቲም ሲነካው ነው፤ የቲማቲሙ ኮምጣጣነት ከሙቀቱ ጋር ሆኖ የቅጠሉን ቀለም ይገድለዋል። ስለዚህ አረንጓዴውን ከሲጎ አርቂው። ቆስጣ በፈላ ጨው ውኃ 1 ደቂቃ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ፣ ከዚያ ጨብጦ መጭመቅ፤ ጭማቂ እስከማይወጣ ድረስ። አሥሬ ቢባል የማይበዛው ይኼ ነው፤ የቀረው ውኃ በሙሉ ፒዛው ላይ ነው የሚወጣው።

የጾም መሆኑ ለጌጥ ይመቻል ብዬ አምናለሁ። አይብ ሲቀልጥ ይፈስና ቅርጹን ይዞት ይሄዳል፤ እዚህ የሚፈስ ነገር የለም። በአይቡ ቦታ መሬት የሚሆንሽን ከድንች ሥሪ፦ ለሁለት ፒዛ 400 ግራም የተቀቀለ ድንች፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው። ውኃ አይጨመር። ትኩስ ሳለ ፈጭተሽ በ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቀቢው። እናንተ አካባቢ ውኃ በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ድንቹ ከተለመደው በላይ ጊዜ ይፈልጋል፤ መሀሉ ጠንክሮ ከቀረ ሲቀባ ይጓጉላል።

አደራደሩ፦ ነጩ ድንች ላይ ቆስጣውን እንደ መስክ በትኚ፣ በላዩ ቢጫዎቹን ቅጠሎች 8 እያደረግሽ ክብ ሥሪ። ለአበባው እምብርት በእርድ ቢጫ የሆነ የድንች ድቡልቡል፣ የሽምብራ ፍሬ የሚያክል። ለግንዱ ቀጭን የቃሪያ ስንጥቅ። ቀይ ከተፈለገ ሲጎው ዳር ዳሩን ብቻ ይዙር፤ ለአንድ ፒዛ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ ግማሹ እስኪቀር የተንተከተከ። ቀይ ሥር አልመክርም፤ ተቀቅሎም ቢሆን ቀለሙ ድንቹን ይበክለዋል። የጥብስ ቅጠል ካማራችሁ ከወጣ በኋላ ይነስነስ።

መልስ፦ የጡብ ምድጃ

ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ስኳሩ ላይ ብቻ አልስማማም። ሌሊቱን ያደረ ሊጥ ዱቄቱ ራሱ የሚሰጠው ስኳር ይበቃዋል፤ ዘይቱ ይግባ፣ ስኳሩ ይቅር።

የእርስዎ ምድጃ ልኩ ጥሩ ነው። የአፉ ከፍታ ከጉልላቱ 63 በመቶ ገደማ እንዲሆን ይመከራል፤ 25 ለ40 እዚያው ላይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ወቅቱ ነው። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የጠጣ የጭቃ ምድጃ በመስከረም 1 ጠዋት በአንዴ ቢነድበት፣ ውስጡ ያለው ውኃ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ጡቡን ይሰነጥቀዋል። ከጳጉሜን መጀመሪያ ጀምሮ ቆርቆሮ ይከለልለት። ከበዓሉ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት በቀን 3 ሰዓት ትንሽ እሳት ብቻ ይንደድበት፤ ከውጭ እጅ ሲያርፍበት ለብ ከማለት አይለፍ። ያልደረቀ ምድጃ ሙቀቱን ውኃ ለማትነን ስለሚጨርስ ወለሉም 300 አይደርስም።

ባሕር ዛፉ ተፈልጦ ቢያንስ 6 ወር የሰነበተ ይሁን። ጫፉ ላይ ስንጥቅ ካለውና ሁለቱ ሲጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጡ ደርቋል። ቅጠሉ ለማቀጣጠያ ጥሩ ነው፤ ፒዛ ሲገባ ግን አይጨመር፣ ዘይቱ ጭሱን የመድኃኒት ጠረን ይሰጠዋል። አካባቢው ግንባታ የበዛበት ስለሆነ አደራ የምለው አንድ ነገር አለ፦ ኮንክሪት የተሞላበት የፎርምወርክ ጣውላ በፍጹም አታንድዱ። የሞተር ዘይት ተቀብቶ የነበረ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፔልሳቶና ቺፑድም ሙጫ አላቸው። ጭሱ ምግቡ ላይ ነው የሚያርፈው።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ጓሮ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የወለሉ ጡብ አንድ ቦታ ተፈንክቷል። የሸክላ ምጣድ አስገብቶ በላዩ መጋገር ይቻላል? ፒዛውን ለማስገባትስ ሰፌድ ይሆናል?

መልስ፦ የጡብ ምድጃ

ምጣዱ ይቅር። ስስ ስለሆነ፣ የተሠራውም ከታች ለሚመጣ እሳት ስለሆነ፣ በአንድ ጎኑ ፍም ሲጠጋው ይፈነዳል። የተሟሸበት ዘይትም በዚያ ሙቀት ይጨሳል። የተፈነከተውን ጡብ ነቅለው ከሥሩ ደረቅ አሸዋ ያስተካክሉና ሌላ ያስገቡ፤ በሲሚንቶ አይጣበቅ፣ ሲግል የሚሰፋበት ቦታ ይፈልጋል።

መልስ፦ አትክልት በየፈርጁ

ሰፌድ ለጥሬ ሊጥ አይሆንም፤ ሊጡ ስፌቱ ውስጥ ይገባና ይይዛል። 35 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ልሙጥ ስስ ጣውላ ይበቃል፣ ሰሞሊና (ሸካራ የስንዴ ዱቄት) ወይም ደቃቅ የበቆሎ ዱቄት ይነስነስበት። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ግን ሊጡ ስለጠነከረ ሰፌድ ላይ አርፎ ቢጌጥ ምንም አይሆንም፤ ወደ ምድጃው አፍ ሳትጠጊ ወደ ጣውላው አሻግሪው።