ከወንዝ ጠጠር ሥር ያገኘኋት ነጭ ፍጥረት ምንድን ናት?

መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ወንዝ ዳር ጠጠሩን ክንድ ያህል ቆፈርኩ። ጉድጓዱ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ በስስ ጨርቅ አጠለልኩት። በማይክሮስኮፕ ሳየው 1 ሚሊ ሜትር የማትሞላ፣ ዓይን የሌላት፣ እንደ ክር የቀጠነች ነጭ ፍጥረት! ልቤ ዘለለ። ትል መስላኝ ነበር፤ ግን እግር አላት። ምን ትሆን?

ጠጠር ፈላጊ፦
እንኳን ደስ አለሽ! የሽሪምፕና የሸርጣን ዘመድ ሳትሆን አትቀርም። ዓይንና ቀለም ማጣት ጨለማ ውስጥ የሚኖሩት ጠባይ ነው። እግሮቿን በደንብ ቁጠሪ። ኮፔፖድ (ከሽሪምፕ ዘመዶች አንዷ፣ ጥቃቅን የውሃ ፍጥረት) ከሆነች ደህና የሚታዩት መዋኛ እግሮች 4 ጥንድ ናቸው፤ አምስተኛው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ሴቷ የእንቁላል ከረጢት ተሸክማ ልታያት ትችያለሽ። ከዚያ በላይ እግር ካላትና አካሏ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመሳሳይ ክፍልፋይ ከሆነ ባቲኔላን አስቢ፤ እሷም ከመሬት በታች ባለ ውሃ የምትኖር የሽሪምፕ ዘመድ ናት። የመጀመሪያዋን እ.ኤ.አ. በ1882 የገለጻት የቼክ የእንስሳት ተመራማሪው ቬይዶቭስኪ ነው፤ የተገኘችውም ፕራግ፣ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ።

የዋሻ ሰው፦
አደራ፣ በፎርማሊን (ናሙና ማቆያ ኬሚካል) እንዳታስቀምጫት! ዲኤንኤውን ያበላሸዋል። 95 በመቶ አልኮል ይሻላል። ብልቃጡ ውስጥ ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ጽፈሽ ክተቺ፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል። ዝርያዋን ለመለየት ግን ጥቃቅን እግሮቿን በቀጭን መርፌ ነጣጥሎ፣ ፀጉሮቿን አንድ በአንድ መሳል ያስፈልጋል። እኔ ለአንዷ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

መምህርት፦
ቆጠርኩ! 4 ጥንድ፣ ከኋላም አንድ ትንሽዬ። ሌላዋ ደግሞ ከረጢት ተሸክማለች። ኮፔፖድ ናት! ሰኞ ተማሪዎቼን ይዤ እመለሳለሁ።