የሞሮ ጎራዴ የገዛ ሰው ይመልስ ወይስ ይያዘው?

ናቲ፦ ሰዎች አንዴ ፍረዱኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ጋራዥ ሴል ላይ ባሮንግ ገዛሁ፣ የደቡብ ፊሊፒንስ ሙስሊሞች (ሞሮ የሚባሉት) ጎራዴ ነው፣ አጠር ያለ፣ እንደ ቅጠል ሆዱ ሰፋ ያለ፣ ባንድ በኩል ብቻ የተሳለ። ስለቱን ተዉት እጀታውን ብታዩት! እንጨት ነው ግን ጫፉ የበቀቀን ራስ ሆኖ ተቀርጿል፣ ጉትዬዋ ምንቃሯ ሁሉ ይለያል፣ ስሩ ላይ የብር ቀለበት። ሻጯ አያቴ ወታደር ነበር ያመጣው እሱ ነው አለችኝ። ወንድሜ ደግሞ የተዘረፈ ነው መልስ እያለ ነዘነዘኝ

ዳዊት፦ ወንድምህ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 1906 እዛው ደቡብ ፊሊፒንስ ጆሎ ደሴት ቡድ ዳጆ ተራራ ላይ ያኔ አገሩን ይገዛ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሞሮዎቹን ሴት ሕፃን ሳይል ነው የፈጀው፣ 600 የሚሉ አሉ ወደ 1,000 የሚያደርሱትም አሉ። ከሬሳ ጎን የተነሳ ቢሆንስ?

ቤቲ፦ ዳዊቴ ቀስ በል፣ ሁሉም ከሬሳ ጎን አልተነሳም። ለወታደር የተሸጠ አለ፣ ለሽያጭ ተብሎ የተሰራ አለ፣ የአሜሪካው ጄኔራል ፐርሺንግ በ1911 ሞሮዎቹን ትጥቅ ሲያስፈታ የተሰበሰበም አለ

ዳዊት፦ ጠመንጃ ተደግኖብህ ያስረከብከው ሽያጭ ነው? መቅደላ ላይ እኮ እንግሊዞች በ1868 ዘርፈው ሲያበቁ ሜዳ ላይ ጨረታ አወጡ፣ የብሪቲሽ ሙዚየሙም ሰውዬ ከዛው ገዛ። በሕጋዊ ጨረታ ነው ሲሉን እሺ ብለን ተውን እንዴ?

ናቲ፦ እሱስ ነካኝ 😅 ግን ለማን ልስጥ? ዋና ከተማቸው ማኒላ ብልከው ማኒላ ጆሎ አይደለችም

ቤቲ፦ እሱን ነው እኮ የምለው! ሱሉን (ጆሎ ያለችበትን ግዛት) ራሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ2024 ከባንግሳሞሮ (የሙስሊሞቹ ራስ ገዝ) ክልል ውጪ ነው ብሎ ወስኗል፣ ማን ጋ ልትልከው ነው

ዳዊት፦ የባላንጊጋ ደወሎችስ? የአሜሪካ ወታደሮች በ1901 ከፊሊፒንስ ቤተክርስቲያን የወሰዷቸው በ2018 ተመለሱ፣ ያውም ማኒላ አልቀሩም፣ ሳማር ደሴት እዛው ቤተክርስቲያናቸው ገቡ። መላክ የፈለገ አድራሻ አያጣም

ጋሽ ሙሉ፦ ልጆች ክርክሩ ይቆያችሁና፣ ናቲ ልጄ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካው አደራ። የአባቴን ጎራዴ እንደዛ ፈግፍጌ አንጥረኛው የተወው መስመር ሁሉ ጠፋ፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ደግሞ ሴትዮዋን አያትሽ የትኛው ዓመት የት ነበሩ ብለህ ጠይቃት እንጂ በግምት ምን ያጣላችኋል

ናቲ፦ ጋሼ እውነትዎን ነው፣ አሁን ደወልኩላት። ከሱ የመጣ የደብዳቤ ሳጥን አለ አለች፣ ቅዳሜ ሄጄ አያለሁ። እስከዛ አልሸጥም፣ እመልሳለሁም አላልኩም ዳዊት እንዳትጮህ

ዳዊት፦ ደብዳቤውን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍ፣ ከዛ እጮሃለሁ