የእህቴ ልጅ ማንንም አልገደለም፤ በግድያ ግን ተከሷል። እንዴት ይሆናል?

ጠያቂ፦ አክስት ነኝ (ጆርጂያ)

ሰላም ለሁላችሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፣ ስህተት ካለ ይቅርታ።

የእህቴ ልጅ 19 ዓመቱ ነው። ግሪን ካርድ አለው፣ ዜጋ አይደለም። ከሦስት ሳምንት በፊት ሁለት ጓደኞቹን በመኪናው ይዞ ወጣ። ልጆቹ ሰው የለበትም ብለው ያሰቡትን ቤት በጓሮ በኩል ሰብረው ገቡ። እሱ መኪናው ውስጥ ነበር። የቤቱ ባለቤት ግን እቤት ነበር። ተኩሶ አንዱን ልጅ ገደለው። ሌላኛው ሮጠ፣ የእኛ ልጅ እዚያው ተያዘ። ሦስቱም ጋ መሣሪያ አልተገኘም።

ክሱ ላይ ቤት ሰብሮ መግባት ይላል። እሱስ ይሁን። ከሥሩ ግን "ፌሎኒ መርደር" የሚል አለ። የተኮሰው ሌላ፣ የተከሰሰው የእኛ ልጅ! ሰውዬው አልተከሰሰም። የሟች እናት ደግሞ አንድ ቤተ ክርስቲያን የምንሄድ ሰው ናት። እስካሁን ለቅሶ አልደረስኳትም። ምን ብዬ ልግባ?

የመንግሥት ጠበቃ ተመድቦለታል፤ ያናገረን አስር ደቂቃ ነው። ይህ ሕግ ምንድን ነው? ምን እናድርግ?

አስተርጓሚው

አይዞሽ እህቴ። ጠበቃ አይደለሁም፣ ፍርድ ቤት አስተረጉማለሁ። ይህን ክስ ለስንት እናት በአማርኛ ለማስረዳት ሞክሬያለሁ። ሁሌም አፌ ይተሳሰራል፣ ምክንያቱም የእኛ ቋንቋ ለዚህ ክስ አንድ ቃል የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሌላ የግድያ ክስ ዐቃቤ ሕጉ ተከሳሹ በልቡ ምን እንደነበረ ማስረዳት አለበት። እዚህ ግን ከባድ ወንጀል ውስጥ አስቦ መግባቱ ይበቃል። ቤት ሰብሮ መግባት፣ ዝርፊያ፣ እሳት መለኮስ፣ ጠለፋ። በዚያ መሃል ሰው ከሞተ ሞቱ በተካፋዮቹ ሁሉ ላይ ይቆጠራል፣ መኪና ይዞ የሚጠብቀውም ላይ ጭምር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ሕጉን አሜሪካ ያወረሰችው እንግሊዝ ናት፤ እሷ ራሷ በ1957 ጣለችው። ሃዋይና ኬንታኪም የላቸውም።

አሁን ወደ አንቺ ጥያቄ፦ ተኳሹ ሌላ ሰው ሲሆንስ? እዚህ ላይ ስቴቶች ይለያያሉ። ቨርጂኒያ ቢሆን ኖሮ፣ የተዘረፈው ሰው ከዘራፊዎቹ አንዱን ቢገድል የቀሩት በዚህ ክስ አይያዙም። ኒው ዮርክም ሟቹ ከተካፋዮቹ አንዱ ከሆነ አይሠራም። ጆርጂያም እስከ 2010 እንደዚያው ነበረች። በዚያ ዓመት የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የራሱን የቀድሞ ውሳኔ ሻረው። አሁን የሚጠየቀው ማን ተኮሰ ሳይሆን፣ ሞቱ ከወንጀሉ የመጣና ሊጠበቅ የሚችል ነበር ወይ የሚለው ነው። ሰው ቤት ሰብረህ ስትገባ ባለቤቱ ሊተኩስ እንደሚችል ታውቃለህ፣ ይላሉ።

ቅጣቱን ልደብቅሽ አልችልም። ቢያንስ ዕድሜ ልክ ነው። ፓሮል (ቅጣቱ ሳያልቅ በአመክሮ መፈታት) ለመጠየቅ እንኳ 30 ዓመት መታሰር አለበት።

የሸገሩ (ሕግ ያጠናሁ)

የሚገርም ነው። በእኛ የ1996ቱ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወንጀል ሕግ አንቀጽ 57 ጥፋት የሌለበት ሰው አይቀጣም ይላል። አንቀጽ 58 ደግሞ አንድ ሰው ካሰበው በላይ ለሆነው ውጤት አስቦ እንዳደረገው ተቆጥሮ አይፈረድበትም ይላል፤ ካለበት የቸልተኝነት ጥያቄ ነው። አንቀጽ 539 ሌላ ወንጀል ለመፈጸም ወይም ለመሸፈን ብሎ የገደለውን በዕድሜ ልክ ወይም በሞት ይቀጣል፣ ግን እዚያም አስቦ መግደል መኖር አለበት። መኪና ውስጥ የቀረ ልጅ...

ዴንቨር

ወንድሜ፣ ልጁ የታሰረው ጆርጂያ ነው። አንቀጽ 57 እዚያ ምን ይሠራለታል?

እህቴ፣ የኢንዲያናውን ጉዳይ ለጠበቃችሁ አንሺለት። በ2012 ኤልክሃርት በምትባል ከተማ አምስት ወጣቶች ባዶ ነው ብለው አንድ ቤት ገቡ። መሣሪያ አልነበራቸውም። አንደኛው ውጭ ሆኖ ነበር የሚጠብቀው። ባለቤቱ ተኩሶ አንዱን ገደለ። ቁርጥ የእናንተ ታሪክ። ሦስቱ ተከራክረው 50 እና 55 ዓመት ተፈረደባቸው። በ2015 የኢንዲያና ጠቅላይ ፍርድ ቤት የግድያውን ፍርድ አነሳና ቤት ሰብሮ መግባቱን ብቻ አስቀረ። ልጆቹ ያደረጉት ነገር ሰው ላይ አደጋ የሚጋብዝ ዓይነት አይደለም አለ። ጆርጂያን አያስገድድም፣ ግን "ሊጠበቅ የሚችል" የሚለውን ለመከራከር ይጠቅማል።

ካሊፎርኒያ ከ2019 ጀምሮ ሕጉን አጥብባዋለች። እኛ ኮሎራዶ በ2021 ከአንደኛ ደረጃ ግድያ ወደ ሁለተኛ ደረጃ አወረድነው። ጆርጂያ ግን ባለችበት ናት።

ጠበቃ ቢሮ የምሠራ

ታሪኩ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን የምጨነቀው ለነገ ጠዋት ነው።

የግድያው ክስ የቆመው በስርቆቱ (ቤት ሰብሮ በመግባቱ ክስ) ላይ ነው። ስርቆቱ ከወደቀ እሱም ይወድቃል። መኪና ውስጥ መቀመጡ ብቻ ወንጀል አይደለም። ዋናው ጥያቄ፣ ልጆቹ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ያውቅ ነበር ወይ? "ጠብቀን፣ መጣን" ብለውት ነው? እዚህ እንዳትመልሺ! ለጠበቃው ብቻ። የስልኩን መልእክቶች ደግሞ ማንም እንዳይነካ። ማጥፋት ሌላ ወንጀል ነው።

ዋስን በተመለከተ፣ በግድያ ክስ ሊፈቅድ የሚችለው የሱፒሪየር ኮርት (ከባድ ወንጀሎችን የሚያየው የስቴቱ ፍርድ ቤት) ዳኛ ብቻ ነው። በታሰረ በ90 ቀን ውስጥ ግራንድ ጁሪ (ክሱ ይቅረብ አይቅረብ ብሎ የሚወስነው የዜጎች ቡድን) ካልከሰሰው ዋስ እንዲወሰንለት መጠየቅ ይቻላል። ቀኑን ቁጠሪ፣ ጠበቃውን አስታውሺ። አያፍርሽ።

ግሪን ካርዱ እንዳይረሳ። ዐቃቤ ሕጉ "ግድያውን ልተው፣ ስርቆቱን እመን" ሊል ይችላል፤ ለሌላ ሰው እፎይታ ነው። ለእሱ ግን በስርቆቱ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከተፈረደበት፣ በገደብም ቢሆን፣ ሊያስባርረው ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ጠበቃው ይህን ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት ብሏል። ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ወረቀቱን ይየው።

አስተርጓሚው

አንድ ነገር ልጨምር። የእስር ቤቱ ስልክ ይቀዳል። አማርኛ ስለሆነ አይገባቸውም ብለሽ እንዳትሸወጂ፤ ያንን ቅጂ የሚተረጉመው እንደኔ ያለ ሰው ነው። አንዲት እናት "ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም" ስትለው ልጇ የመለሰውን እኔው ተርጉሜ አውቃለሁ። በልተሃል? ተኝተሃል? በዚህ ይብቃ።

እትዬ (ሲያትል)

ልጄ፣ ሕጉን አላውቅም። ለቅሶውን ግን ሂጂ። ሦስት ሳምንት ብዙ ነው። ልጇን የገደለው ያንቺ ልጅ አይደለም፣ እሷም ታውቃለች። ካልሄድሽ ግን ሌላ ነገር ታስባለች። ምንም አትበይ። "እግዜር ያጽናሽ" ብለሽ ቁጭ በይ።

ጠበቃ ቢሮ የምሠራ

እትዬ፣ ልክ ነዎት፣ ግን በጥንቃቄ ይሁን። በዚህ ክስ የሞተው ልጅ "ተበዳይ" ተብሎ ነው የሚመዘገበው። የእኛ ልጅ በዋስ ቢወጣ ከሟች ቤተሰብ ጋር እንዳይገናኝ ሊታዘዝ ይችላል። አክስቱ ላይ የሚሠራ ትእዛዝ አይደለም፤ ግን ከእሱ መልእክት እንዳታደርስ። "ይቅርታ በይልኝ" ቢላት እንኳ። እናትየዋ ምስክር ሆና ልትጠራ ትችላለች።

ጠያቂ፦ አክስት ነኝ (ጆርጂያ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። 90ውን ቀን ቆጠርኩ፤ 68 ይቀራል። ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፌ ለጠበቃው ደወልኩ፣ ሐሙስ ቀጠረኝ።

ማታ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እሷ ራሷ ወጥታ በእጄ ይዛ አስገባችኝ። ቡና ከተጠጣ በኋላ ቀስ ብላ "ልጁ በልቷል?" አለችኝ። ምን እንደምመልስ ጠፋኝ።